ቦርሳው ከመንገዱ ይመረጥ፦ ለቪዲዮ ባለሙያ የጀርባ ቦርሳ አመራረጥ

ሰኞ ማለዳ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ ጭኔ ላይ የተቆለለውን ቦርሳ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል፤ ላይ ይውጣ» አለኝ። የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም፤ ቦርሳው ሰፊና ድቡልቡል ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡትን እናት መስኮቱ ላይ አጣብቋቸዋል። ጣሪያ ላይ ወጣ። ከላዩ የማሽላ ጆንያ ተጫነበት። ባቲ ደርሼ ስከፍተው፣ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ የተውኩት ረጅሙ ሌንስ ከመግጠሚያው ተጣሞ አገኘሁት። የግመል ገበያው ሲደምቅ ከሩቅ ልቀርጸው ያሰብኩትን ሁሉ ሳልቀርጽ ተመለስኩ።

ረዳቱ ሥራውን ነው የሠራው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቦርሳውን ስገዛ የጠየቅኩት ስንት ሌንስ እንደሚይዝ ብቻ ነበር፤ በምን መኪና፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን ጭን ላይ እንደሚሄድ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ለመግዛት የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መንገዱ ነው።

ይህ መመሪያ በከሚሴ ከተማና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ሰርግ፣ ዜና፣ ዘጋቢ ፊልም ወይም የመሥሪያ ቤት ሥራ ለሚቀርጹ ሁሉ ነው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ለሚቀጥለው መልስ ያዘጋጃል።

ደረጃ 1፦ የመንገድዎን ዝርዝር ይጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ባለፈው አንድ ወር ካሜራ ይዘው የሄዱበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። ከየቦታው አጠገብ ሦስት ነገር ያስፍሩ፦ በምን ሄዱ፣ ስንት ደቂቃ በእግር ተጓዙ፣ አየሩ እንዴት ነበር።

የእኛ ዞን ለቦርሳ ብዙ ዓይነት ፈተና አለው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ደሴ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ናት። ከፍታዋ ወደ 1,400 ሜትር ስለሆነ ሙቀቷ ይታወቃል። ሰንበቴ የእሑድ ገበያ አላት፤ ባቲ የሰኞ። ሁለቱም ዘንድ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ይገናኛል፤ ሁለቱም ዘንድ ግፊያና አቧራ አለ። በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ በበጋ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው የሚሰፍሩበት ረግረግ ያለው ግጦሽ ነው፤ ጭቃውን ሳይረግጡ ጥሩ ምስል አይገኝም። በዳዋ ጨፋ ወረዳ የሚገኘው ጥንታዊው የሾንኬ የድንጋይ መንደር ደግሞ ከተራራ ላይ ስለተሠራ የመጨረሻው መንገድ ዳገት ነው፤ የሚወጣውም በእግር ነው።

ዝርዝሩን ጨርሰው ሲያዩት የእርስዎ ሥራ የትኛው እንደሆነ ይገለጥልዎታል። አብዛኛው ሥራዎ ከከሚሴ ከተማ ሳይወጡ በባጃጅ የሚደርሱበት ሰርግ ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎ ቶሎ የሚከፈትና ቶሎ የሚዘጋ ቦርሳ ነው። በየሳምንቱ ገጠር ቀበሌ የሚወርዱ ከሆነ ግን ወገብ ላይ የሚታሰርና ክብደት የሚሸከም ቦርሳ ያሻዎታል። ሁለቱንም አንድ ቦርሳ እኩል አያሟላም። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን መንገድ ያስምሩበት፤ ምርጫዎ ለእሱ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎን በሚዛን ላይ ያድርጉ

ሰፈርዎ ባለ ሱቅ ጋ የቡና ወይም የስኳር ሚዛን አይጠፋም። ይዋሱና ለአንድ ቀን ሥራ የሚይዙትን ሁሉ አንድ በአንድ ይመዝኑ። ምሳሌ እንዲሆን አንድ የተለመደ የሰርግ ቀን ዕቃ እነሆ፦

– ሶኒ ኤፍኤክስ 3 ካሜራ ከነባትሪውና ከነካርዱ፦ 715 ግራም
– ሁለተኛ ካሜራ፣ ሶኒ ኤ7 4፦ 658 ግራም
– የ24–70 ሌንስ (ጂ ማስተር ሁለተኛው ትውልድ)፦ 695 ግራም
– የ70–200 ሌንስ (ጂ ማስተር ሁለተኛው ትውልድ)፦ 1,045 ግራም
– ዲጄአይ አርኤስ 3 ጊምባል፦ ወደ 1.3 ኪሎ
– አራት ትርፍ ባትሪ፣ እያንዳንዱ 83 ግራም፦ 332 ግራም
– ገመድ አልባ ማይክ፣ ትንሽ መብራት፣ ቻርጀርና ኬብል፦ ወደ 1.3 ኪሎ
– አንድ ሊትር ውኃ፦ 1 ኪሎ

ድምሩ ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ባዶው ቦርሳ ብቻውን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ትከሻዎ ላይ የሚያርፈው ከ9 ኪሎ በላይ ነው። የቪዲዮ ትራይፖዱ ገና አልተቆጠረም።

ረጅም የእግር መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ሸክማቸው ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አምስተኛውን እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ይህ ጤነኛና ልማድ ላለው ሰው የተነገረ የላይኛው ጣሪያ እንጂ በየቀኑ የሚሸከሙት አይደለም። ካሜራ የሚይዝ ሰው ዳገቱን ጨርሶ ሲደርስ ገና ሥራው መጀመሩ ነው፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ዕቃው በበዛ ጊዜ መጀመሪያ ከዝርዝሩ ላይ ይቀንሱ። ባለፉት አምስት ሥራዎች ከቦርሳ ያልወጣ ሌንስ ካለ ቤት ይደር።

ደረጃ 3፦ መጠኑን በጭንዎ ይለኩ

ዕቃዎን አልጋ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርገው ይደርድሩ። በየዕቃው መካከል ሁለት ጣት ያህል ለመከፋፈያው ስፖንጅ ይተዉ። ከዚያ የድርድሩን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሜትር ይለኩ። ይህ የቦርሳው የውስጥ ልክ ነው። ሻጮች የሚናገሩት ሊትር ኪሶቹን ሁሉ ሊጨምር ስለሚችል፣ ባለ 30 ሊትር የተባለ ቦርሳ ለካሜራ የሚተርፈው ክፍል ከግማሹ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ከሊትሩ ይልቅ የውስጡን ሴንቲ ሜትር ይጠይቁ።

ቀጥሎ የውጭውን ልክ ይወስኑ። በሚኒባስ ወንበር ላይ ጭንዎ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤትዎን ሳይገፋ፣ ከፊትዎ ያለውን ወንበር ሳይነካ መቀመጥ አለበት። እኔ በተግባር ያገኘሁት ልክ ቁመቱ እስከ 50፣ ስፋቱ እስከ 32፣ ጥልቀቱ እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ከዚህ ሲያልፍ ረዳቱ ወደ ጣሪያው ማመልከት ይጀምራል። ካሜራ የያዘ ቦርሳ ጣሪያ ላይ ከወጣ ደግሞ የቦርሳው ጥራት አያድነውም፤ ከላዩ የሚጫነውን እርስዎ አይመርጡትም።

አልፎ አልፎ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚበሩ ከሆነ ሌላ ልክ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ መንገደኛ ወደ መንገደኞች ክፍል ይዞ የሚገባው አንድ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ካሜራና ሌንስ ይዘው ይግቡ፤ ትራይፖድ፣ ኬብልና ቻርጀር በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፤ ከእርስዎ ጋር በመንገደኞች ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ከሆነ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከ100 እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ያባዙ፤ 7.2 ቮልትና 2.28 አምፒር ሰዓት የሆነው የሶኒ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ጀርባዎን ይለኩ

ሰው ለጫማ እግሩን ይለካል፤ ለቦርሳ ግን ጀርባውን የሚለካ ጥቂት ነው። አንገትዎን ወደ ፊት ጎንበስ ሲያደርጉ ከኋላ ጎልቶ የሚወጣ አጥንት አለ። ከእሱ ጀምሮ ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ ሲያሳርፉ አውራ ጣትዎ የሚነካው የዳሌ አጥንት ደረጃ ድረስ ያለውን ርቀት ሌላ ሰው በሜትር ይለካልዎ። ይህ የጀርባዎ ቁመት ነው። በማንገቻው መነሻና በወገብ ቀበቶው መካከል ያለው ርቀት ከዚህ ጋር መቀራረብ አለበት።

የወገብ ቀበቶው ጉዳይ በተለይ ይታሰብበት። ስፖንጅ ያለው ሰፊ ቀበቶ በትክክል የዳሌ አጥንት ላይ ሲታሰር አብዛኛውን ክብደት ዳሌ ይሸከመዋል፤ ትከሻ ሚዛን ጠባቂ ብቻ ይሆናል። ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ብቻ ከሆነ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ሾንኬ ለሚወጣ ሰው ሰፊው ቀበቶ ግዴታ ነው። በባጃጅ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ወፍራሙ ቀበቶ በየበሩ የሚጠላለፍ ትርፍ ነገር ሊሆንበት ስለሚችል፣ ተነቅሎ የሚወጣ ቀበቶ ያለውን ይምረጥ።

የደረት ማሰሪያም ይኑረው። ሞተር ላይ ሲቀመጡ ማንገቻው ከትከሻ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እሱ ነው። ጀርባ የሚነካው ክፍል መሐሉ ጎድጎድ ብሎ አየር የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ጀርባዎ ላይ የተለጠፈ ሜዳ ስፖንጅ በሩብ ሰዓት ሸሚዝዎን ያርሰዋል፤ ላቡም ወደ ቦርሳው ይገባል።

ደረጃ 5፦ አከፋፈቱን ከቦታው ጋር ያመሳክሩ

የካሜራ ቦርሳ በአራት በኩል ሊከፈት ይችላል፦ በፊት፣ በጎን፣ በላይ፣ በጀርባ። ልዩነቱ በሱቅ ውስጥ ቀላል ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ግን ብዙ ይለያል።

በጀርባ በኩል የሚከፈተው ለባቲና ለሰንበቴ ገበያ ይስማማል። ዚፑ ከጀርባዎ ጋር ስለሚጣበቅ በግፊያ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ አይደርስበትም። ጭቃ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ መሬት የሚነካው ፊቱ ነው፤ ጀርባዎን የሚነካው ክፍል ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ጨፋ ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎኑ ላይ የሚከፈተው ለሰርግ ይሆናል፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ አንዱን ማንገቻ አውልቀው ቦርሳውን ወደ ፊት አዙረው ካሜራውን በአንድ እጅ ማውጣት ይችላሉ። በላይ ብቻ የሚከፈተው ከታች ያለውን ዕቃ ፍለጋ ሁሉን ስለሚያስወጣ ለሥራ አልመክረውም።

አንድ ነገር አይርሱ። ኬላ ላይ ፍተሻ አለ። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ዕቃውን በአንድ እይታ የሚያሳይ ቦርሳ የፈታሹንም የእርስዎንም ጊዜ ይቆጥባል፤ እጅ እየገባ ሌንስ ከሚያገላብጥ ይህ ይሻላል። የሥራ ደብዳቤዎንና መታወቂያዎን ቦርሳው ሳይከፈት በሚወጣ የውጭ ኪስ ውስጥ ያኑሩ። ድሮን ያለዎት ከሆነ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የተሰጠውን ፈቃድ ቅጂም በዚያው ይያዙ፤ ፈቃድ ከሌለ ድሮኑን ቦርሳ ውስጥ ጨርሶ አይክተቱት።

ደረጃ 6፦ ጨርቁን፣ ዚፑንና ስፌቱን በእጅዎ ይመርምሩ

በቦርሳ መለያ ላይ ከቁጥር ቀጥሎ «ዲ» የሚል ፊደል ያያሉ፤ 420 ዲ፣ 840 ዲ፣ 1000 ዲ እየተባለ ይጻፋል። ዴኒየር ማለት ነው። 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ለግድግዳው 420 ይበቃል፤ ሁልጊዜ መሬት የሚነካው መቀመጫው ግን 840ና ከዚያ በላይ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ናይለን ከተመሳሳይ ውፍረት ፖሊስተር ይልቅ መፋቅን ይችላል፤ ፖሊስተር በበኩሉ ፀሐይን ይችላል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ዚፕ ነው። ዚፑን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱና ጥግ ላይ፣ መታጠፊያው ዘንድ፣ በአንድ እጅ ብቻ ለመዝጋት ይሞክሩ። ከተያዘ ይተዉት፤ አቧራ ሲገባበት ይብሳል። የጥርሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ከመንሸራተቻው ጀርባ በቁጥር ሊጻፍ ይችላል፤ ለዋናው በር 8 ወይም 10 ይሁን፣ 5 ለትንንሽ ኪስ ነው። ዋይኬኬ የሚል ጽሑፍ ያለው ዚፕ የጃፓኑ አምራች ሥራ ነው፤ አስተማማኝነቱ በዓለም ሁሉ የተመሰከረ ነው።

አሁን ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልብጠው ይዩ። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሠርቶ መሐሉ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋ መሆን አለበት። በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ፣ ዘጠኝ ኪሎው በየእርምጃው ሲዘል የሚጎተተው ያ አንድ መስመር ክር ነው። የእኔ አሮጌ ቦርሳ እዚያ ጋ ሁለት ክር በጥሶ ነበር። አየሁት፣ ነገ አሰፋዋለሁ አልኩ፤ በሳምንቱ ከባጃጅ ስወርድ ማንገቻው ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ቦርሳው አስፋልት ላይ ወደቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼኔ ነው። ጫማ ሰፊ ዘንድ ቢወስዱት በወፍራም ክር በደቂቃ ያጠብቅልዎታል፤ አዲስ ቦርሳም ቢሆን ከመጀመሪያው ሥራ በፊት እንዲህ ማስደረጉ ክፋት የለውም።

ደረጃ 7፦ አቧራ፣ ዝናብና ጤዛን አስቀድመው ያስቡ

የበልጉ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት፣ የክረምቱ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ይመጣል። ከቦርሳው ጋር የሚመጣው የዝናብ ሽፋን ውጭውን ብቻ ያለብሳል። በጀርባዎ በኩል የሚወርደውን ውኃ አያግድም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ሰፋ ያለ ጠንካራ ፌስታል ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ይኑር። ዝናቡ ሲበረታ ካሜራውን በፌስታሉ ጠቅልለው መልሰው ይክተቱት። «ውኃ አይገባውም» የተባለ ዚፕም ቢሆን ጠብታን ይመልሳል እንጂ ውኃ ውስጥ ሲገባ አይከላከልም።

ለአቧራ የሚረዳው የቦርሳው ቅርጽና የእርስዎ ልማድ ነው። ዚፑ ላይ የሚያርፍ ክዳን ያለውን ይምረጡ። ገበያ ውስጥ ሌንስ መቀየር ግድ ከሆነ ቦርሳውን በከፊል ብቻ ከፍተው፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች አድርገው፣ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ይቀይሩ። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። በየሳምንቱ መከፋፈያዎቹን አውጥተው ቦርሳውን ገልብጠው ያራግፉ።

ጤዛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። እዚያ ብርድ ላይ ያደረ ካሜራ ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ሆኖ በደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ ሲወርድ ቅዝቃዜውን ይዞ ይመጣል። እንደደረሱ ቦርሳውን ከከፈቱት፣ በተለይ ዝናብ ባለፈ ጊዜ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን፣ ከቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚወርደው ውኃ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ከውጭው መስታወት ቢጠርጉትም ከውስጥ ያለውን አይደርሱበትም። ስለዚህ ቦርሳውን ሳይከፍቱ ጥላ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩት። በየጫማ ካርቶኑ የሚመጣውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ሰብስበው በየክፍሉ ያኑሩ።

ሙቀቱንም ይጠንቀቁ። ብዙ ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ቀትር ላይ ፀሐይ ያገኘው የቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል፤ ባትሪንም ያለ ዕድሜው ያስረጃል። ቦርሳው ከእርስዎ ጋር ይውረድ። ሁለት ቀለም ከቀረበልዎ ከጥቁሩ ግራጫውን ይምረጡ።

ደረጃ 8፦ ውስጡን በሥራው ቅደም ተከተል ያደራጁ

ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባዎ ተጠግቶ፣ ከወገብ ከፍ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከባዱ ወደ ውጭ ከሆነ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትትዎታል፤ እርስዎም ሳያውቁት ጎብጠው ይሄዳሉ። ትራይፖዱ በመሐል ቢታሰር ይሻላል፤ በጎን ከታሰረ ግን በሌላው ጎን ውኃውን አድርገው ያመጣጥኑ።

አጭር ሌንስ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ሊጓዝ ይችላል፤ ሲደርሱ ወዲያው ለመቅረጽ ይጠቅማል። ረጅሙ ሌንስ ግን ሁልጊዜ ተነቅሎ፣ ሁለቱም ክዳኖቹ ተገጥመውለት፣ በራሱ ክፍል ይቁም። ባቲ ላይ የተጣመብኝ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ረጅም ነገር ግፊቱን ሁሉ ወደ መግጠሚያው ያስተላልፋል።

ባትሪ ሲሞላ በአንድ አቅጣጫ፣ ሲያልቅ በተቃራኒው ያስቀምጡ፤ በሰርግ ጥድፊያ መሐል ማሰብ ሳያስፈልግ ይለያሉ። የተቀረጸበት ሜሞሪ ካርድ ደግሞ ከቦርሳው ይውጣ። ካሜራ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ያለቀሰችው ልቅሶ ግን ሁለተኛ አይቀረጽም። ካርዱን በትንሽ መያዣ አድርገው በዚፕ በሚዘጋ የሱሪ ወይም የጃኬት ኪስ ከሰውነትዎ ጋር ይያዙ።

ደረጃ 9፦ ከየት ይግዙ? ገንዘብ ቢያንስስ?

የስሙ ነገር ብዙ አያስጨንቅዎ። ሎውፕሮ፣ ማንፍሮቶ፣ ቫንጋርድ፣ ፒክ ዲዛይን፣ ሺሞዳ፣ ኤፍ-ስቶፕ የሚባሉት ሁሉ ለተለያየ ሥራ የተለያየ ቦርሳ ይሠራሉ። ሎውፕሮን በ1967 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሜሪካዊው ግሬግ ሎው ተራራ ወጪ ነበር። የእሱ የካሜራ ቦርሳም ከመንገድ ችግር የተወለደ ዕቃ ነው። የታወቀ አርማ የተለጠፈበት ሁሉ ግን የዚያ ድርጅት ሥራ ስላልሆነ፣ በደረጃ 6 የተጻፈውን ምርመራ ሳያደርጉ ገንዘብ አይክፈሉ።

አዲስ አበባ ሄደው መምረጥ ከቻሉ ካሜራውንና ሌንሶቹን ይዘው ይሂዱ፤ ሱቅ ውስጥ ሞልተው፣ ተሸክመው፣ ደረጃ ወጥተው ወርደው ይሞክሩት። ብዙዎቻችን ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ እህት ወንድም አለን። ከእነሱ የሚያስመጡ ከሆነ «ጥሩ የካሜራ ቦርሳ ላኩልኝ» ብቻ አይበሉ። በደረጃ 3ና 4 የወሰዱትን የውስጥ ልክ፣ የውጭ ልክና የጀርባ ቁመት በሴንቲ ሜትር ጽፈው፣ አከፋፈቱንም በሥዕል አሳይተው ይላኩ። ካሜራ የማታውቅ እህት በሜትር ለክታ ትክክለኛውን ትመርጣለች።

ገንዘቡ ካልደረሰ ጥሩ መንገድ አለ። ከልባሽ ተራ ጠንካራ የተራራ ቦርሳ ይፈልጉ፤ የወገብ ቀበቶና የደረት ማሰሪያ ያለው፣ ዚፑ ጤነኛ የሆነ። ከዚያ ውስጡ የሚገባ የካሜራ ሳጥን ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉ። ለግድግዳው የፍራሽ ስፖንጅ አይጠቀሙ፤ ይጨማደዳል፣ ውኃም ይመጥጣል። ድርቅ ያለ የስፖርት ምንጣፍ ተቆርጦ፣ ሁለት እጥፍ ተደርጎ፣ በለስላሳ ጨርቅ ቢለበድ መመታትን ይችላል፤ ውኃም አይመጥጥም። መከፋፈያዎቹ በቬልክሮ የሚለጠፉ ይሁኑ፤ ካሜራ ሲቀይሩ ቦታቸውን መቀየር ይችላሉ። ቆሻሻ የማያስገባ ክዳንም ያሰሩለት። ይህ ዓይነቱ ቦርሳ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከውጭ ሲታይ ካሜራ የያዘ አይመስልም። መናኸሪያ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ደረጃ 10፦ ከሥራው በፊት ይፈትኑት

ቦርሳው እጅዎ ከገባ በኋላ የሰው ሰርግ ላይ አይጀምሩት። ካሜራውን ቤት ትተው በምትኩ ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ነገር ይሙሉት፤ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ሦስት ሊትር ውኃ፣ ጥቂት መጽሐፍ። የወገብ ቀበቶውን መጀመሪያ፣ ማንገቻውን ቀጥሎ፣ የደረቱን በመጨረሻ ይሰሩ። ከዚያ ከቤትዎ አቅራቢያ ያለውን ዳገት ለአንድ ሰዓት ይውጡና ይውረዱ። በባጃጅ ይሳፈሩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት።

ሲመለሱ ሸሚዝዎን አውልቀው ትከሻዎን በመስታወት ይዩ። ቀይ መስመር ካለ ማንገቻው ብዙ ክብደት ይዟል ማለት ነው፤ የወገብ ቀበቶውን ዝቅ ወይም ጠበቅ አድርገው ይድገሙት። በሁለተኛውም ቀን መስመሩ ካልጠፋ ቦርሳው ለእርስዎ ጀርባ አይሆንም፤ መልሰው ሌላ ይሞክሩ።

አሁን እኔ የምይዘው ቦርሳ ግራጫ ነው፤ ጥልቀቱ 21 ሴንቲ ሜትር፣ በጀርባ በኩል የሚከፈት፣ ማንገቻው ጫማ ሰፊ ዘንድ ሁለት ጊዜ የተሰፋ። ሰኞ ሰኞ ባቲ ስወርድ ጭኔ ላይ ይቆማል። አጠገቤ የሚቀመጡ እናቶችም ክርናቸውን ያሳርፉበታል።